ሚስቴ የጣለችልኝ ካርታ

ፀጉር አስተካካዩን መግፋት ነው። ጥሩ ካርታ ይያዝ መጥፎ፣ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ዓይኔን ያያል፣ ቀጥሎ ፊቱ የተደረደሩትን ቆርኪዎች ያያል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ የካርታውን ጠርዝ መፈተግ ይጀምራል። ያኔ አሥር ቆርኪ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ኳ! «በቃ ውሰደው፣ ምን አጨቃጨቀኝ» ብሎ ይጥላል። ቀኑን ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያስኬድ የማይንቀጠቀጥ እጅ ለለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ይንቀጠቀጣል።

ተራ አስከባሪው ሌላ ነው። እሱ የታክሲ ተራውን ጩኸት ይዞት ነው የሚገባው። ምንም ሳይዝ ይመድባል፣ ምንም ሳይዝ ይጨምራል። እሱን መግፋት ትርፉ ድካም ነው፤ መልሶ ይገፋል እንጂ አይጥልም። ስለዚህ የፈራሁ እመስላለሁ። ጭንቅላቴን አካለሁ፣ ትንፋሼን እስባለሁ፣ «ኧረ ተው እባክህ» እላለሁ። እሱ የፈራ ሰው ሲያይ አያስችለውም፤ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ይገፋዋል። ያኔ ሦስት ንጉሥ ዘርግቼ አሳየዋለሁ።

«ሸወድከኝ አይደል፣ አንተ ሽማግሌ!»

ሽማግሌ የሚለኝ ሙድ ሊይዝብኝ ነው እንጂ በስምንት ዓመት ብበልጠው ነው።

ጨዋታው ፖከር ነው፤ አንድ ለአንድ ብቻ። ሁለቱም መጀመሪያ ሁለት ሁለት ቆርኪ መሃል ያስቀምጣሉ፤ አምስት አምስት ካርታ ይታደላል። ቆርኪ ትመድባለህ፣ ያልፈለግከውን ካርታ አንድ ጊዜ ትቀይራለህ፣ ደግመህ ትመድባለህ። ሌላው ወይ እኩል አስቀምጦ «ልይህ» ይላል፣ ወይ ይጨምርብሃል፣ ወይ ካርታውን ደፍቶ ይጥልና መሃል ያለውን ላንተ ይተዋል። ይኸው ነው። ካርታውን ማንም ያውቀዋል። የማይታወቀው ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰው ነው፤ አንዱን ትገፋዋለህ፣ አንዱን ትጠብቀዋለህ፣ አንዱን ደግሞ ራሱ እስኪወድቅ ታየዋለህ።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ ወረቀቱን ትቼ የሰጪውን ፊት አይ ነበር። ክስ ነው? ጥሪ ነው? ግብር ነው? ፊቱ ላይ ይገኛል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ፊት ያየ ሰው ፀጉር አስተካካይን መሸወድ አያቅተውም።

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ፣ መንገዱ ዳር አንዲት በረንዳ ያላት ክፍል አለችን። እኔ በረንዳው ላይ የሻንጣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተቀደደ ቦርሳ እሰፋለሁ። ሚስቴ ውስጥ ሻይና ቦምቦሊኖ ትሸጣለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምሳ ሰው ያልቅና ቤቱ ጭር ይላል። በመስኮቱ በኩል ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ጠረጴዛ አለች። የምንጫወተው እዚያ ነው።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ዓመት ተራ አስከባሪው ብር ሲያወጣ አየችና ከባንኮኒው ኋላ መጣች።

«ስሙኝ። ቤቴን ቁማር ቤት አታደርጉትም። ብር ያየሁ ዕለት ካርታችሁን ከሰል ውስጥ ነው የምከተው።»

«ታዲያ በምን እንጫወት እታለም?» አለ ተራ አስከባሪው።

የቆርኪ ጣሳዋን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። «በዚህ። ሠላሳ ሠላሳ። ያለቀበት ሳፋው ጋ ሄዶ ብርጭቆ ይጠብ።»

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተሸነፈ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ የዋለውን የሻይ ብርጭቆ ሁሉ ያጥባል። ወንድ ልጅ ሳፋ ላይ ሲያጎነብስ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ በመስኮት ያያል። ለዚህ ነው አጥብቄ የምጫወተው። እኔ እዚያ ሳፋ ላይ ከጥቂት ቀን በስተቀር ቆሜ አላውቅም።

ሰው ያጣሁ ቀን ከሚስቴ ጋር እጫወት ነበር። አሥር ስመድብ ትጥላለች። አምስት ስመድብም ትጥላለች። ሠላሳው ሲያልቅባት ተነስታ የራሷን ብርጭቆ ታጥባለች። «አንቺ ካርታ አይገባሽም» እላታለሁ። «አይገባኝም» ትላለች። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ጋሼ መጡ።

ጋሼ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አምስት ኪሎ ነው ቤታቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። በቀበሌው አዳራሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ ያለምንም ክፍያ ጎልማሶችን ያስተምሩ ነበር። ሰባት ነበርን። አንድ ዘበኛ ነበር፣ እሱ ላይ ይጮኹበት ነበር። «ትናንት የሰጠሁህን ዛሬ በላኸው?» ይሉታል። ጉልት የምትቸረችር ሴት ነበረች፣ እሷንም ያፋጥጧታል። እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያደርጋሉ። «አይዞህ፣ ቀስ በል።»

ጠላኋቸው። ዘበኛው ላይ የሚጮኹት ስለሚችል ነው፣ እኔን የሚያባብሉኝ ስለማልችል ነው ብዬ ደመደምኩ። እስከ ዛሬ ሰው ሲለሳለስ እጠረጥራለሁ፤ አንድ ነገር ይፈልጋል ወይም ንቆኛል። ሦስተኛ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሆኖም አነበብኩ። በዓመት ከምናምን የታክሲውን ታፔላ፣ የሱቁን ማስታወቂያ፣ ከወረዳ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ቻልኩ። ቀድሞ ሚስቴ ነበረች የምታነብልኝ፤ እሷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ጋሼን ሻይ ልጋብዝ ብዬ ራሴ ወደ ቤት አመጣኋቸው። በራሴ እጅ ማለት ነው። ስፕሪስ አዘዙ፤ ካርታውን አዩና «ይህን እኔም በወጣትነቴ እሞክር ነበር» አሉ።

ሞከሩ እንጂ! በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ቆርኪዬን ጠራርገው ወሰዱት። እኔ ስገፋ ይገፉኛል። አሥር ስል ሃያ ይላሉ። በዚያ ቀጭን ጣታቸው ቆርኪውን አንድ በአንድ እየደረደሩ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያነሱ፣ «ልጨምር» ይላሉ። ሰው የሚገፋው እኔ ነኝ፤ የሚገፋኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሳፋው ጋ ሄድኩ። ተራ አስከባሪው ስልኩን አውጥቶ፣ «ወደዚህ ዙር ጀለስ! ብርጭቆውን ከፍ፣ ከፍ!» እያለ ፎቶ አነሳኝ። ማታውኑ የታክሲ ተራው ሰው ሁሉ በቴሌግራም ተቀባበለው።

ይሄን እንኳ ችዬዋለሁ።

ያልቻልኩት ሌላውን ነው። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ሲቀር ጋሼ ወደ ባንኮኒው ዞረው፣ «እመቤት፣ እስቲ ነይ ከኔ ጋር» አሏት። እመቤት ነው የሚሏት። እኔ በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እመቤት ብያት አላውቅም፤ አንቺ ነው የምላት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጥታ ተቀመጠች።

እኔ በረንዳው ላይ ሻንጣ ይዣለሁ። በመስኮቱ ይታዩኛል። አራት ቆርኪ መደበች። አያችሁ፣ አራት ብቻ። ጋሼ ካርታቸውን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ ፈገግ አሉና ጣሉ። ቀጥሎ ሦስት መደበች። ጣሉ። ከዚያ ስድስት። ጣሉ። እኔ ላይ ሃያ የሚጨምሩት ሰውዬ! ሠላሳቸው ቀስ በቀስ አለቀና ሹራባቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ሳፋው ጋ ቆሙ። እሷ ከጎናቸው ቆማ የታጠበውን ትቀበላለች። እያንዳንዱን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስተው በብርሃን ያዩታል።

«ጋሼ፣ የሻይ ብርጭቆ እኮ ነው፣ ዕንቁ አስመሰሉት» አለቻቸው።

«የተሸነፈ ሰው ሥራውን ማሳመር አለበት።»

ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ወስፌው አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ።

በማግስቱም ተጫወቱ። በሦስተኛውም ቀን። አንዳንዴ እሳቸው ያሸንፋሉ፣ ያኔ እሷ ታጥባለች፣ እሳቸው ግን አይቀመጡም፤ አጠገቧ ቆመው ያደርቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ እሳቸው ናቸው የሚሸነፉት። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሳፋው ጋ ቆመው አንድ ነገር በጆሯቸው ነገረቻቸውና ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሼ በሳሙና እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ዓይናቸው ተቃጥሎ እንደገና ሳቁ። እሷ በሽርጧ ጫፍ ፊታቸውን ጠረገችላቸው።

እኔ ደግሞ የአንዲት ተማሪ ቦርሳ ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁ። ልጅቷ መጥታ፣ «ጋሽዬ፣ ይሄ ወደ ውስጥ ነው እኮ የሚከፈተው» አለችኝ። «እንደዚያ ነው ፋሽኑ» አልኳት።

ቅናት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ዓይንን አይጋርድም፤ እንዲያውም ስል ያደርገዋል። የጋሼን ጣት አየሁ፣ የሹራባቸውን ቁልፍ አየሁ፣ ሲጥሉ ከንፈራቸው እንዴት እንደሚሆን አየሁ። ሽቶ መቀባት መጀመራቸውን ሁሉ አወቅኩ፤ ኋላ ስጠይቅ የጉልበት ሕመም ቅባት ነው። ሁሉን አየሁ። ያላየሁት አንድ ነገር የሚስቴን ካርታ ነው። አንድም ቀን ከኋላዋ ቆሜ ምን ይዛ ነው የምትመድበው ብዬ አላየሁም። ለምን አያለሁ? እሷ ካርታ አይገባትም።

ስለዚህ መደምደሚያው ግልጽ ሆነልኝ። ሰውዬው ሆን ብለው ይሸነፋሉ። የሚሸነፉት ከሚስቴ ጎን ሳፋው ላይ ለመቆም ነው።

ሁለት የምሳ ሰዓት ፈጅቶብኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉ ይኸው ነው፦ «ጋሼ፤ ከነገ ጀምሮ ሻይ ቤታችን አይምጡ። ምክንያቱን ያውቁታል። ሻይ ሌላም ቦታ አለ።» መጻፍ ያስተማረኝን ሰው ለማባረር ነው መጀመሪያ የጻፍኩት።

በጊዮርጊስ አጥር ሥር ጠብቄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ቆመው አነበቡ። ፊታቸውን አያለሁ፤ እንዲፈሩ ወይም እንዲቆጡ እየጠበቅኩ። ሁለቴ አነበቡት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከብዕራቸው ጎን ከተቱት።

«እጅ ጽሕፈትህ ተስተካክሏል» አሉኝ።

ዞረው ሄዱ። እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ፤ ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ የከፋው ያ ነው።

ሳምንት አለፈ። በመስኮቱ ጠረጴዛ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተጫወትኩ፣ ገፋሁት፣ ጣለ። ምንም አልጣመኝም። ሚስቴ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ በሩ ታያለች። በስምንተኛው ቀን ዝናብ ጣለና ሰው ጠፋ። አምስት ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልላ ጃንጥላ አነሳች።

«የት ነው?»

«አምስት ኪሎ። ጋሼ አሟቸው ይሆናል። ብቻቸውን ናቸው እኮ።»

«አትሂጂ።»

«ምን ማለት ነው አትሂጂ?»

«አላመማቸውም። እኔ ነኝ አይምጡ ያልኳቸው።»

ጃንጥላውን በሩ ላይ መልሳ አቆመችው። «ምን አደረጉህ?»

«እኔን ምንም። ላንቺ ነው የሚጥሉት።»

«ምኑን?»

«ካርታውን! እኔን እንደ ጠላት ይገፉኛል፣ አንቺ ሦስት ቆርኪ ስታስቀምጪ ይጥላሉ። ሆን ብለው ይሸነፉና ካንቺ ጋር ሳፋ ላይ ይተሻሻሉ። ዕውር መስዬሻለሁ?»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንደማታውቀው ሰው አየችኝ።

«አንተ ስንት ዓመት ነው ይህን ነገር የተጫወትከው? ሰውየው የሚጥሉት ስለያዝኩ ነው። ለጋሼ ካልያዝኩ አልመድብም። እሳቸው ይህን ደረሱበት፤ ስመድብ ይጥላሉ። ማንስ ቢሆን አይጥልም?»

«ሁልጊዜ ትይዣለሽ?»

«ሁልጊዜ አይደለማ! አምስተኛው ቀን ላይ፣ በደንብ ካመኑኝ በኋላ፣ ምንም ሳልይዝ ስድስት መደብኩ። እሳቸው ሦስት አስ ይዘው ጣሉ። ሦስት አስ! ብርጭቆ ሲያጥቡ ነገርኳቸው። ያን ቀን ነው ሊሞቱ እስኪደርሱ የሳቁት።»

ካርታውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ፀጉር አስተካካዩን እገፋዋለሁ» አለች፤ አሁን በጣቷ እየቆጠረች ነው። «ተራ አስከባሪውን የፈራሁ መስዬ እጠብቀዋለሁ። አንተ በማትኖርበት ቀን ሁለቱም ስንቴ እንዳጠቡልኝ ጠይቃቸው።»

«ከማን ተማርሽው?»

«ከማን ይሆን? እዚያ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስንት ዓመት አየሁህ!»

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። አልተውኩትም።

«እኔንስ?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ዝናቡ በረንዳው ላይ ይወርዳል።

«ላንተ እጥልልሃለሁ» አለች።

«ምን ይዘሽ?»

«የያዝኩትን ይዤ። ጥንድም፣ ሦስት ንጉሥም፣ አንድ ጊዜ አምስቱም ቀይ ልብ ሆኖልኝ ጥዬልሃለሁ።»

«ለምን? ማን ጣይልኝ አለሽ?»

«በመጀመሪያው ዓመት አሸንፌህ ነበር። ረሳኸው? ብርጭቆ አጠብክ። ከዚያ ስምንት ቀን አላናገርከኝም። ወጡ ጨው በዛበት፣ በሩ ለምን ተከፈተ፣ ራዲዮው ለምን ጮኸ። ያኔ አወቅኩህ። ተራ አስከባሪው እዚህ ተሸንፎ እዚህ ትቶት ይሄዳል። አንተ ቤት ድረስ ይዘኸው ትመጣለህ።»

እውነቱን ልናገር፤ አላስታወስኩትም። ስምንት ቀን ሙሉ ሰው ቤት ውስጥ ያስጨነቀ ሰውዬ አያስታውሰውም፤ የተጨነቀችው ናት ቀኑን የቆጠረችው።

«ካርታ ብቻ መሰለህ?» አለች። «ደሴ የእህቴ ሠርግ ጊዜ አትሄጂም አልክ። መሄድ እችል ነበር። ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ፊትህን አየሁና ጣልኩ።»

ያን ጊዜ ነው ጋሼን መጠርጠሬ ከልቤ የወጣው። የቀናሁት እሳቸው በሚያዩዋት ሚስቴ ነው እንጂ በሰውዬው አይደለም። እሳቸው በሁለት ሳምንት ያገኙትን እኔ በአሥራ ስምንት ዓመት አላገኘሁም። ስትይዝ አይተዋል፣ ስትሸውድ አይተዋል፣ አሸንፋ ስትስቅ አይተዋል። እኔ ያለኝ የምትጥል ሴት ናት።

«ከኔ ጋር ተጫወች» አልኳት። «እንደሳቸው አድርገሽ።»

«ይቅርብህ።»

«ተጫወች አልኩሽ!»

«ይኸው። እያዘዝከኝ እንዴት ነው እንደሳቸው የምጫወትህ?»

«እባክሽ» አልኩ። ቃሉ ከጉሮሮዬ እንዴት እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሠላሳ ሠላሳ ቆጠርን። የመጀመሪያው እጅ ላይ ምንም አልያዝኩም፤ እንደልማዴ አሥር ኳ አደረግኩ። አሥር አስቀመጠችና «ልይህ» አለች። ባዶ እጄን አየች። ሁለተኛው ላይ ጥንድ ያዝኩ፣ ስድስት መደብኩ። ጣለች። ሦስተኛው ላይ ምንም አልያዝኩም፣ ስምንት ገፋሁ። ስምንቴን አስቀምጣ ሌላ ስምንት ጨመረችብኝ። እኔው ጣልኩ።

«እንዴት ነው የምታውቂው?»

«ባዶ ስትሆን ቆርኪውን ታጮኸዋለህ። ስትይዝ ቀስ ብለህ ነው የምታስቀምጠው፤ እንዳይሸሽብህ ነው መሰለኝ።»

ለስንቱ ሰው ስንት ዘዴ ሳወጣ የኖርኩ ሰው፣ እጄ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ያሰማ ነበር ማለት ነው። ሻይ አንድ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንኳ አልቆየሁም። አለቀብኝ።

አሸንፋ አልሳቀችም። ቆርኪዎቹንም አልሰበሰበችም። ፊቴን አየች። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ መጣና እጄ አጠገብ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ወደ ራሷ ሳበው።

እጄን አንስቼባት አላውቅም። ብርጭቆ ግን ሰብሬአለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ።

ተነስቼ ሳፋው ጋ ሄድኩ። የዋለው ብርጭቆ ስምንት ነው፤ ዝናብ ነበር አልኩ እኮ። አጠብኩ። ሻይ ቤቱን ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ ዝም ብል ተሸንፌ ይዤው መግባቴ ነው፤ ስለዚህ አወራሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ዚፕ ዋጋ፣ ስለ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ውሻ። በሕይወቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ጎረቤቶቻችን ደህና መሆኔን ጠየቁ። ስምንት ቀን እንዲሁ አወራሁ። አፌ እስኪደርቅ። በውስጤ ግን እንደተናደድኩ ነበርኩ፤ እሷም ታውቃለች፣ እንደምታውቅ አውቃለሁ።

በሁለተኛው ቀን አምስት ኪሎ ሄድኩ። ጋሼ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«ደብዳቤ ነው ወይስ በቃል?»

«በቃል ነው ጋሼ። ይምጡ።»

«ምክንያቱን ሳልጠይቅህ አልመጣም። ‹ምክንያቱን ያውቁታል› ብለህ ጽፈሃል። ቀኑን ሙሉ ባስበው ባስበው አጣሁት። ብርጭቆ በደንብ ሳላጥብ ቀርቼ ይሆን ብዬ ነበር።»

አልነገርኳቸውም። የሚነገርም አይደለም። በምትኩ፣ «እኔን ለምንድን ነው እንደዚያ የሚገፉኝ?» አልኳቸው።

«ስለምትናደድ ነዋ። ሰው ሲናደድ ካርታውን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው፤ ያኔ ይቀለኛል» አሉና ሹራባቸውን ሊያመጡ ገቡ።

አሁንም ይመጣሉ። ከሚስቴ ጋር ይጫወታሉ፣ ሳፋው ጋ ይሳሳቃሉ። እቀናለሁ። ለውጥ አለ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ አሁንም ወስፌ ይወጋኛል። በፊት የምቀናው በሌለ ነገር ነበር፣ አሁን የምቀናው ባለ ነገር ነው። ጋሼ ሲሸነፉ መሸነፋቸውን ያውቃሉ። ሲያሸንፉ ማሸነፋቸውን ያውቃሉ። እኔ ሳሸንፍ አሸንፌ ይሁን ተጥሎልኝ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ፤ ቆርኪውን ሁልጊዜ ቀስ ብዬ አስቀምጣለሁ። ሁለት ሦስቴ አሸንፋኛለች። አጥቤአለሁ፣ አውርቻለሁ። ደግሞ አንዳንዴ ትጥላለች።

ባለፈው ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ፣ የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ ነን። ቀኑ አልጣመኝም ነበር፤ ጠዋት አንድ ሰው ያደስኩለትን ሻንጣ ፊቴ ላይ ጥሎት ሄዷል፣ እሷም አይታለች። ጥንድ ዘጠኝ ይዤ ሰባት ቆርኪ አስቀመጥኩ። ካርታዋን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ረዘም አድርጋ። ካርታውን ደፍታ ጣለችው።

«ምን ይዘሽ ነበር?»

«ምንም።»

«እስቲ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጇን ካርታዎቹ ላይ አደረገች።

«ሁለት ሻይ!» አሉ በበሩ የገቡ ሰዎች። «አንዱ ቀጠን ያለ!»

አምስቱን ካርታ ሰብስባ ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

የቀሩት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የኔን አምስት ጨምሬ ብደረድራቸው የጎደሉት የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ደቂቃ አይፈጅም። ንጉሦቹን መፈለግ ጀመርኩ። አንድ አገኘሁ። ሁለተኛውን አገኘሁ። ቀና ስል ከባንኮኒው ኋላ ሻይ እየቀዳች ታየኛለች፤ ብርጭቆውን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው።

ካርታዎቹን ሰብስቤ በወዝኳቸው። ለሷ አምስት፣ ለኔ አምስት አደልኩ፤ አምስቱ ኪሷ ውስጥ እንዳሉ፣ በአርባ ሰባት ካርታ። ከዚያ እስክትመለስ ጠበቅኩ።